ጤናና ትዳር፦ ያልጠጣ ሰው ጉበት

ዛሬ የምናወጋው ስለ አንድ በሽታ ስም ነው። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገራችን ሰው። የዚህን በሽታ ስም ያወጡት ግን ሐኪሞች ናቸው። ያወጡት ስም ሰውን እንደሚጎዳ ሲገነዘቡም እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለወጡት። ነገሩ የሐኪሞች ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ገጽ አንወስድበትም ነበር። ነገር ግን ያ ስም በአንድ ክርስቲያን ትዳር መካከል ገብቶ ምን እንዳደረገ ስለሰማሁ ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ታሪኩን ያጫወተችኝ ሰቆጣ የምትኖር እህት ናት። ባልና ሚስቱ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን ትቼዋለሁ። ባለቤቷ የተወለደው በ1977 ዓ.ም.፣ በዚያ ክፉ የድርቅ ዘመን፣ ጽጽቃ አካባቢ ነው። እናቱ እርሱን በማሕፀኗ ይዛ ስንት ቀን ጾሟን እንዳደረች የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ልጁ ተረፈ፤ አደገ፤ ተማረ። ሰቆጣ ከተማ የቢሮ ሥራ ያዘ፤ አገባ፤ ሁለት ልጆች ወለደ። በቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች አስተማሪ ሆኖ ለዓመታት አገልግሏል። ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም በአፉ ዞሮ አያውቅም።

አንድ ቀን ከቀኝ ጎድኑ ሥር ከበድ ከበድ ሲለው ሄዶ ታየ። አልትራሳውንድ ተነሣ። ወረቀቱ ላይ «ፋቲ ሊቨር» ተብሎ ተጽፏል። ያነበበለት ባለሙያም በችኮላ፣ «ጉበትህ ስብ ይዟል፤ መጠጥ አቁም» አለው። «እኔ እኮ አልጠጣም» ሲል፣ «ሁሉም የሚለው እንደዚያ ነው» የሚል መልስ ሰጥቶ ቀጣዩን ተራ ጠራ።

ወረቀቱን ሚስቱ አየችው። «በጉበት የሚታመም ማን እንደሆነ እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ አጎቴ በአረቄ ነው የሞተው» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ከሥራ ሲመጣ በር ላይ ትቀበለዋለች፤ ትስመዋለች። «ስስመው ግን ትንፋሹን ነበር የማሸተው» አለችኝ አንገቷን ደፍታ። የደመወዙን ወጪ ትቆጥር ጀመር። አምሽቶ ሲመጣ ልብሱን ታያለች። ለአንዲት የጸሎት ጓደኛዋም «ጸልዪልኝ» ብላ ነገረቻት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ነገሩ ሽማግሌዎች ጆሮ ደረሰ። ጠርተው ጠየቁት። እርሱም ተከራክሮ ማሳመን እንዳቃተው ሲያይ አገልግሎቱን በገዛ ፈቃዱ ተወ። «ለስድስት ወር በአንድ አልጋ ተኝተን በሁለት ቤት ኖርን» ብላ ነገረችኝ።

ውድ አንባቢ፣ እስቲ ራስህን ጠይቅ፤ እስቲ ራስሽን ጠይቂ። የጉበት በሽታ ያለበትን ሰው ስትሰሙ መጀመሪያ ልባችሁ ላይ የሚመጣው ምንድን ነው? ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው «ኃጢአት የሠራው ማን ነው?» ብለው የጠየቁትን ደቀ መዛሙርት እናስታውሳለን። እኛም ጉበት ሲባል ጠርሙስ እንፈልጋለን።

ስሙ ከየት መጣ?

በጉበት ላይ የሚከማች ስብ ለሐኪሞች አዲስ ነገር አልነበረም። ለብዙ ዘመን ግን ዋናው ተጠርጣሪ አልኮል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ሐኪም ዩርገን ሉድቪግና ባልደረቦቹ የ20 ሕሙማንን ጉበት መርምረው ጻፉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ጉበታቸው የጠጪ ጉበት ይመስላል፤ ሰዎቹ ግን ጠጪዎች አልነበሩም። ብዙዎቹ ወፍራሞች ነበሩ፤ የስኳር ሕመም የነበረባቸውም ነበሩ። እስከዚያ ድረስ ሕመሙ ስም ስላልነበረው «አልኮል ያላመጣው» የሚል ቃል ያለበት ስም አወጡለት። ከጊዜ በኋላም ጠቅላላ በሽታው «አልኮል ያላመጣው የስብ ጉበት በሽታ»፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ናፍልድ፣ ተባለ።

ይህ ስም በዘመኑ ጥሩ ሥራ ሠርቷል፤ የማይጠጣ ሰውም ጉበቱ ሊታመም እንደሚችል ለዓለም አሳውቋል። ሆኖም ሁለት ጉድለት ነበረበት። አንደኛ፣ በሽታው ምን እንዳልሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይናገርም። ጎረቤታችንን «ሌባ ያልሆነው ሰውዬ» እያልን ብንጠራው ምን ይሰማዋል? ሁለተኛ፣ «አልኮል» የሚለው ቃል በስሙ ውስጥ እስካለ ድረስ ሰሚው የሚይዘው እርሱን ነው። «ያላመጣው» የሚለው መንገድ ላይ ይወድቃል። የሰቆጣው ወንድማችን ላይ የደረሰውም ይኸው ነው።

ሁለት ጊዜ የተለወጠው ስም

እ.ኤ.አ. በ2020 ከ22 አገሮች የተውጣጡ የጉበት ሐኪሞች «ይህ ስም ይበቃል» አሉ። በሽታው የሚመጣው ሰውነት ስኳርንና ስብን የሚጠቀምበት ሥርዓት፣ ማለትም ሜታቦሊዝም፣ ሲዛባ ስለሆነ ስሙም ይህን ይናገር ብለው ማፍልድ አሉት። ትርጉሙንም አብረው ለወጡት። ቀድሞ ሐኪሙ በሽታውን ለመሰየም አልኮልንና ሌሎች የጉበት በሽታዎችን አንድ በአንድ ማስወገድ ነበረበት። አሁን ግን የሚፈልገው ያለውን ምልክት ነው፤ ሰውየው ሌላ የጉበት ሕመም ቢኖርበትም ይህኛው አብሮ ሊኖር ይችላል።

ይህ ለአፍሪካ ትልቅ ነገር ነበር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች የጉበት ሐኪሞች የስም ለውጡን የሚደግፍ የአቋም መግለጫ በአንድ ዓለም አቀፍ የጉበት ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከፈራሚዎቹ መካከል የደቡብ አፍሪካዋ ዶክተር ዌንዲ ስፒርማንና በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሜዲካል ኮሌጅ የጉበት ሐኪም የሆኑት ዶክተር ኃይለሚካኤል ደሳለኝ ይገኙበታል። በአህጉራችን ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ይዟል፤ ኤች አይ ቪም እንዲሁ። በአሮጌው ትርጉም ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው የጉበቱ ስብ ነገር ሊዘነጋ ይችል ነበር። በአዲሱ ግን ሁለቱም ይታያሉ፤ ሁለቱም ይታከማሉ።

ከዚያም በ2023 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ፣ የአውሮፓና የላቲን አሜሪካ የጉበት ሕክምና ማኅበራት ከ56 አገሮች 236 ሰዎችን አሳትፈው ደግመው መከሩ፤ በምክክሩ የሕሙማን ተወካዮችም ነበሩበት። ከተጠየቁት ውስጥ 61 በመቶው «አልኮል ያላመጣው» የሚለው፣ 66 በመቶው ደግሞ «ስብ» የሚለው ቃል ሰውን ያሳፍራል አሉ። ስለዚህ ስሙ ማስልድ ሆነ። «ስብ» የሚለው ቃል በግሪክኛ ተተካ፤ ፍቺው ያው ስብ ቢሆንም ጆሮን አይወጋም። አንዳንድ ሐኪሞች «ማፍልድ ይበቃን ነበር» ስላሉ ሁለቱንም ስሞች ልትሰሙ ትችላላችሁ። እኛ በአማርኛ «ከሜታቦሊዝም መዛባት የመጣ የጉበት መስባት» ብንለው ሐሳቡን ይይዛል።

እንግዲህ ማስልድ አለ የሚባለው መቼ ነው? ጉበት ላይ ስብ ታይቶ ከአምስት ነገሮች ቢያንስ አንዱ ሲገኝ ነው። እነርሱም፦ የሰውነት ክብደት ከቁመት ጋር ሲመዛዘን መብዛት ወይም የወገብ ዙሪያ በወንድ ከ94፣ በሴት ከ80 ሳንቲ ሜትር ማለፍ፤ በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100 ወይም ከዚያ በላይ መሆን ወይም የስኳር ሕመም፤ የደም ግፊት 130 በ85 ወይም ከዚያ በላይ መሆን፤ ትራይግሊሰራይድ የተባለው የደም ስብ 150 ወይም ከዚያ በላይ መድረስ፤ እንዲሁም ጥሩው ኮሌስትሮል በወንድ ወደ 40፣ በሴት ወደ 50 ወይም ከዚያ በታች መውረድ ናቸው። ለግፊት፣ ለስኳር ወይም ለደም ስብ መድኃኒት የሚወስድ ሰውም ይቆጠራል።

የድርቅ ልጅ ጉበት ለምን ይሰባል?

አንባቢ ሆይ፣ «ዋግ ኽምራ የረሃብ አገር ነው፤ ይህ የጠገበ ሰው በሽታ እዚያ ምን ያደርጋል?» ትሉ ይሆናል። መልሱ እኔንም አስደንግጦኛል።

በመጀመሪያ ጉበት በረሃብም ይሰባል። በከባድ የምግብ እጥረት ሰውነታቸው ያበጠ ሕፃናት ጉበታቸው በስብ የተሞላ እንደሚሆን ሐኪሞች ከብዙ ዘመን በፊት አውቀዋል። «ፋቲ ሊቨር» የሚለው ቃል ብቻውን የሚነግረን የታየውን ነው፤ ያመጣውን አይደለም።

ሁለተኛው ነገር ከማሕፀን ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 በሆላንድ በጦርነት ምክንያት በተነሣው ረሃብ ጊዜ በእናታቸው ማሕፀን የነበሩ ልጆች፣ ካደጉ በኋላ ሰውነታቸው ስኳርን የሚቆጣጠርበት አቅም ከሌሎቹ ደከም ብሎ ተገኝቷል። በእኛም አገር በሰሜን ወሎ ራያ ቆቦ የ1977ቱን ድርቅ በማሕፀንና በጨቅላነት ባሳለፉ ሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ወደዚያው ይጠቁማሉ። ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። በክፉ ቀን ያደገች እናት ጓዳዋ በሞላም ጊዜ ቢሆን አንዲት ፍሬ አትጥልም፤ ሁሉን ታኖራለች። በማሕፀን የተራበ ሰውነትም እንደዚሁ ቆጣቢ ሆኖ ይወለዳል። በገብስ ቂጣና በሽሮ፣ በእግር ጉዞ ሲኖር አይጎዳም። ከተማ ገብቶ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ሲቀመጥና ስኳር ሲያገኝ ግን ያኖረው ጀመር። ከሚያኖርባቸው ጎተራዎች አንዱ ጉበት ነው።

ወንድማችን የታመመው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም፤ የአንድን ሰው ምክንያት በጥናት መቁረጥ አይቻልም። ነገር ግን የተራበን ሰውነት «ጠጪ» ብሎ መክሰስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን መቀንጨር እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ለማስቀረት ቃል ሲገባ ቃል ኪዳኑን በሰቆጣ ስም ጠርቶታል። የሰቆጣ ቃል ኪዳን ስለ ሕፃናት ቁመት ብቻ እንዳይመስለን። ዛሬ እርጉዝ ሴት በደንብ እንድትበላ ማድረግ የነገን ጎልማሳ ጉበትና ልብም መጠበቅ ነው።

ለስላሳው ነገር

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እኛ ወንጌላውያን በሠርጋችን ጠጅ አናቀርብም። ለስላሳ ግን እንደ ውኃ ይፈስሳል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ሊይዝ ይችላል፤ ይህ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ነው። ከስኳሩ ግማሽ ያህሉ ፍሩክቶስ የሚባለው ዓይነት ሲሆን እርሱን በዋናነት የሚያስተናግደው ጉበት ነው። ሲበዛበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። የዋግ ማር ዝናው የታወቀ ነው፤ ብርዙም አያሰክርም። ቢሆንም ማርም ስኳር ነው። ወንድማችን ከስብሰባና ከፕሮግራም በኋላ ሁለትና ሦስት ለስላሳ ይጠጣ ነበር፤ ሻዩ ደግሞ አራት ማንኪያ ስኳር ነበረው። ሚስቱ ትንፋሹን ስታሸት ጠርሙሱ ግን ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ራሷ የከፈተችለት!

ቦርጭንም እናወድሳለን። «አምሮብሃል! ጌታ ባርኮሃል!» እንላለን። ከእንግዲህ የልብስ ሰፊ ሜትር አንሥተን በእምብርት ዙሪያ ብንለካ ይሻላል። ቀጭን ሰውም ይህ ሕመም ሊይዘው እንደሚችል አንርሳ።

ይህን ስል አልኮል ጉበትን አይጎዳም ማለቴ አይደለም፤ በጣም ይጎዳል። በአዲሱ አሰያየም በሳምንት ሴት ከ140 እስከ 350 ግራም፣ ወንድ ከ210 እስከ 420 ግራም ንጹሕ አልኮል የሚጠጡና የሜታቦሊዝም መዛባትም ያለባቸው ሰዎች ሜታልድ የሚባል የራሳቸው ስም አላቸው። አንድ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል እንደሚይዝ አስቡ። እዚህ ላይ ለአገልጋዮች አንድ ነገር ልበል። በመካከላችን በስውር የሚጠጣ ሰው ካለ፣ ኀፍረታችንን ፈርቶ ሐኪሙንም ሊዋሽ ይችላል። የዋሸው ውሸትም ሕይወቱን ሊያስከፍለው ይችላል። ሰው እውነቱን የሚናገርበት ቤት እንሁን።

ጉበት የሚታመምበት ሌላም መንገድ አለ። ከዋግ ብዙም በማይርቀው በሰሜን ምዕራብ ትግራይ፣ በታህታይ ቆራሮ አካባቢ፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ገበሬዎች ሆዳቸው እያበጠ በጉበት ሕመም ሞቱ። ሲመረመር ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ የአረም መርዝ ተገኘ። ስለዚህ «የጉበት መድኃኒት ነው» ተብሎ የተሰጠንን ቅጠልና ሥር ሁሉ ከመዋጣችን በፊት ሐኪም እንጠይቅ።

ታዲያ ምን ይደረግ?

የሰባ ጉበት በብዙዎች ላይ ለዓመታት አያመምም። ከፊሎቹ ላይ ግን ይቆጣል፤ ይጠባሰሳል፤ መጨረሻው ሲሮሲስ ወይም ካንሰር ሊሆን ይችላል። ከዚያም በፊት ልብን ይጎዳል፤ የእነዚህ ሕሙማን ዋናው ገዳይ የልብና የደም ሥር በሽታ ነው። ስለዚህ «ስብ አለብህ» የተባለ ሰው ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «ጠባሳ አለብኝ ወይ?» ብሎ ነው። ዕድሜን፣ ሁለት የጉበት ኢንዛይሞችንና የፕላትሌትን ቁጥር ይዞ በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል፤ ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሄፓታይተስ ቢም አብሮ ይመርመር።

መልካሙ ዜና ጉበት ይቅር ባይ መሆኑ ነው። ከክብደት ላይ ከመቶ አምስት ሲቀነስ ስቡ ይቀንሳል፤ ከመቶ ሰባት ሲቀነስ ቁጣው ይበርዳል፤ ከመቶ አሥር ሲቀነስ ጠባሳውም ሊሻሻል ይችላል። 84 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው አራት ኪሎ ገደማ ነው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ፣ ለስላሳውን በውኃ መተካት፣ ከእንጀራው ቀንሶ ከጎመኑና ከምስሩ መጨመር ይጠቅማል። ቡናም ጉበትን አይጎዳም፤ ስኳሩን ብቻ እንተው። መድኃኒትን በተመለከተ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሬስሜቲሮም፣ በነሐሴ 2025 ደግሞ ሴማግሉታይድ ጉበታቸው ለተቆጣና ለተጠባሰሰ ሰዎች ተፈቅደዋል፤ እነርሱም ቢሆኑ ከአመጋገብና ከእንቅስቃሴ ጋር የሚሰጡ ናቸው። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ጾም ጸሎት ከመግባታችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ወደ ሰቆጣዎቹ እንመለስ። በሁለተኛው ምርመራ ሚስቱ አብራው ገባች። ሐኪሙ ወገቡን ለካ፤ 101 ሳንቲ ሜትር። ስኳሩ በባዶ ሆድ 118። ከዚያ ወደ እርሷ ዞሮ፣ «ይህ የመጠጥ በሽታ አይደለም፤ ስሙም ተለውጧል» አላት። ቤት ገብተው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይቅርታ ጠየቀችው። ለጸሎት ጓደኛዋና ለሽማግሌዎቹም ሄዳ ራሷ ነገረቻቸው። አንደኛው ሽማግሌ ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ «ልጄ፣ ሳንጠይቅ ፈረድንብህ» አሉት። አሁን ባልና ሚስቱ በየማለዳው አብረው ይራመዳሉ። ስድስት ኪሎ ቀንሷል። ወጣቶቹንም ያስተምራል።

«አሁንም በር ላይ እስመዋለሁ» አለችኝ እየሳቀች። «አሁን ግን ዝም ብዬ ነው የምስመው።»

ባለትዳሮች ሆይ፣ በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቁጭ በሉና ተነጋገሩ። በቤታችን በሳምንት ስንት ጠርሙስ ለስላሳ ይገባል? ግፊታችንንና ስኳራችንን የተለካነው መቼ ነው? አንዳችን የሕክምና ወረቀት ይዘን ስንመጣ ሌላችን መጀመሪያ የምንለው ቃል ምንድን ነው? ሜትሩንም አምጡና ተለካኩ፤ መሳቅም ተፈቅዷል።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ትዳራችሁንና ጤናችሁን ይጠብቅ።